የዱባው ዘርና ነጩ ብልቃጥ

ዘር የማስቀምጠው በመድኃኒት ብልቃጥ ነው። ሰው ይስቅብኛል። ባሌ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድረው ጥቂት ቀን ነው፤ በመጣ ቁጥር ግን ቁም ሳጥኑ ላይ ቀና ብሎ ያይና፣ ይህ ፋርማሲ ፈቃዱን የሚያድሰው መቼ ነው ይላል። ይሳቅ። እሱ ጭነቱን በሸራ ሸፍኖ፣ በገመድ ጠፍሮ፣ በየኬላው እየወረደ ቋጠሮውን ሲነካካ ጠንቃቃ ሾፌር ይባላል። እኔ አንድ እፍኝ የጎመን ዘር ስከድን ነው እብድ የምባለው።

ብልቃጡ ያለ ምክንያት አልመጣም። አዳማ ውስጥ የዘር ጠላቱ ብዙ ነው። ነቀዝ አለ፣ አይጥ አለ፣ ጉንዳን አለ፣ በበጋ አቧራውን እያሽከረከረ በበር ሥር የሚያስገባ ነፋስ አለ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የዱባ ፍሬ ቆልቶ መብላት የሚወድ የገዛ ልጅ አለ። እናቴ ዘሯን ከአመድ ጋር ለውሳ በቅል ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው። እኔም ሞክሬዋለሁ። ቅሉን አይጥ በሳው፤ አመዱን ደግሞ ልጆቼ ሲያስነጥሱ ሳይ ሳንባቸው ውስጥ ሊገባ ነው ብዬ ደፋሁት። የኒም ቅጠል ጨምሪበት አሉኝ፣ ጨመርኩ። ነቀዙ ቅጠሉን ትቶ ዘሩን በላ።

ያኔ ልጆቼ ትንንሽ ነበሩ። አንዱ ካስነጠሰ ሦስቱንም እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ የምሮጥ ሴት ነበርኩ። ካርድ ክፍል ያሉት ሠራተኞች ከሩቅ ሲያዩኝ፣ መጣች፣ ይባባሉ ነበር። የጤና ጣቢያውን በር በክርኔ ነው የምከፍተው፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የምቀመጠው ነጠላዬን አንጥፌ ነው፤ ቤት ስገባ ነጠላውን እዘፈዝፈዋለሁ። እንዲህ ሆኜ ያሳደግኳቸው ልጆች ቤቱን በሽሮፕ ጠርሙስና በክኒን ብልቃጥ ሞሉት። አንድ ቀን ባዶውን የክኒን ብልቃጥ ልጥል ስል ከሥሩ ሚጢጢ ነጭ ከረጢት አገኘሁ። ፋርማሲ ወስጄ ጠየቅሁ። እርጥበት የሚመጥ ነው፣ አይበላም አሉኝ። በዚያች ሰዓት መንገዴን አገኘሁ። ክኒን የሚጠብቅ ዕቃ ዘር ይጠላል? ክዳኑም ልጅ እንዳይከፍተው ታስቦ የተሠራ ነው፤ ተጭነው ካላዞሩት አይከፈትም። ባሌ እስከ ዛሬ አልቻለበትም።

ትምህርቴን ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። አማርኛ አነባለሁ፣ እንደምታዩት እጽፋለሁም፤ ብልቃጥ ላይ ያለው የፈረንጅ ፊደል ግን ከእኔ ጋር አይተዋወቅም። ስለዚህ ዘሬን የምለየው በዕቃው መልክ ነበር። ቡናማው ጠርሙስ የጎመን፣ ሰማያዊ ክዳን ያለው የቃሪያ፣ አንገተ ቀጭኑ የድንብላል፣ ትልልቆቹ ነጭ ፕላስቲኮች የዱባ።

ነጮቹን የምትሰጠኝ ጎረቤቴ ነበረች። ግቢያችን አራት በር ነው። የእሷና የእኔ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የስፌት መኪናዋን ደጃፏ ላይ አውጥታ ከጠዋት እስከ ማታ ትረግጣለች። በየጥቂት ወሩ አንድ ነጭ ብልቃጥ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ተፍቆ ይመጣልኛል። የጨጓራዬ መድኃኒት ነው ትላለች። እኔ የምደነቀው በፍቂያው ነበር። ለእኔ ብላ እንዲህ ትለፋለች እያልኩ ለባሌ ሳይቀር አውርቼለታለሁ። ጨጓራ ይህን ሁሉ ክኒን ምን ያደርግለታል ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። ስለ ሰው ሁሉ ሳል የምጨነቅ ሴት ከግድግዳዬ ማዶ ያለችውን አንዲት ቃል አልጠየቅሁም።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልናዘዝ። ዘሩን አስቀምጠዋለሁ እንጂ አልዘራውም ነበር።

ጎመኑንና ቃሪያውን ቆንጠር እያደረግሁ ጓሮ ውስጥ እበትናለሁ። የዱባውን ግን አልነካውም። ከእናቴ የመጣ ዘር ነው፤ እሷ ከሞተች በኋላ አንድ ጊዜ ዘርቼ ፍሬውን ከሰበሰብኩ ወዲህ እጄ እንቢ አለኝ። ዝናቡ ቢከዳስ? የጎረቤት ዶሮ ቢጭረውስ? የውኃው ተራ ቢያልፈኝስ? ለክፉ ቀን ይቆይ እላለሁ። ክፉው ቀን በየዓመቱ መጣ፤ በመጣ ቁጥር ደግሞ፣ ይሄ እንኳ ገና ነው፣ የባሰ ይኖራል እያልኩ ሸኘሁት። ዱባ ሲያምረን ከገበያ እገዛለሁ። ከወለንጪቲ የሚመጣ ሥጋው ቢጫ፣ ጣፋጭ ዱባ አለ።

ታላቋ ልጄ አንድ የአርሲ ነገሌ ልጅ ወደደች። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ባሌ ሁለት ጊዜ እንደ ደንቡ ከመለሳቸው በኋላ ፈቀደ። የቀረው የልጁ እናት ቤታችንን ማየታቸው ነበር። እህል ነጋዴ ናቸው። ዕድሜያቸውን በጆንያ መካከል የጨረሱ፣ ጤፉን በመዳፋቸው አሽተው ከየት ቀበሌ እንደመጣ የሚናገሩ ሴት ናቸው ተባልኩ። ነርስ የሆነች ሴት ልጃቸው አብራ እንደምትመጣም ሰማሁ። ነርስ የሚለውን ስሰማ ቤቱን ሁለት ቀን አጠብኩት።

እሑድ ቀን መጡ። ባሌ እንደ ልማዱ መንገድ ላይ ነበር፤ መንገድ ለእሱ ጥሩ መደበቂያ ነው። ጎረቤቴ ከጠዋት ጀምራ ወጥ ቤት ገብታ ታግዘኝ ነበር። ዶሮውን እኔ ሠራሁ፣ የዱባውን ወጥ እሷ። ብርጭቆዎቹን ሁለት ጊዜ አጥቤያቸው ነበር፤ እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ ደግሞ ዓይናቸው እያየ በፈላ ውኃ ለሦስተኛ ጊዜ አለቀለቅኋቸው። ልጄ በዓይኗ ለመነችኝ። እኔ ግን ነርሷ ትይልኝ ብዬ ነው።

የልጁ እናት ደልደል ያሉ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ሲቀመጡ ወንበሩን የሚያስጮሁ ሴት ናቸው። ዶሮውን ቀመስ አድርገው ተዉት። የዱባው ወጥ ላይ ግን ሁለት ጊዜ ተመለሱ። ከዚያ፣ ይህ ዱባ ከየት ነው አሉ።

"ከጓሮዬ" አልኩ።

ውሸቱ እኔን ሳያማክር ነው የወጣው። ጎረቤቴ የእጅ ማስታጠቢያውን ጆግ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ዱባውን ትናንት አብረን ነው የገዛነው፤ ወደ ጣሪያው ቀና አለች።

"ዘሩ ይኖርዎታል?" አሉ ሴትዮዋ።

አለኝ ወይ? ዓመታት ሙሉ ይህንን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ወንበር ላይ ወጣሁና ከቁም ሳጥኑ ራስ የብልቃጦቹን ካርቶን አወረድኩ። ልጄ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤ አልሰማኋትም። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ከሳህኖቹ መካከል ደረደርኳቸው። ለአማቾቼ ልጄን እንኳ እንዲህ አላቀረብኳትም።

ነርሷ መጀመሪያ ሳቀች። አንዱን አነሳች፣ አገላበጠች፣ ይሄ የሳል ነው አለች። ይሄ የአሜባ። ይሄ የወስፋት። "ቤተሰቡ ይህን ሁሉ ታሟል እንዴ?" ብላ ልጄን አየቻት። ልጄም የግድ ፈገግ አለች። ነርሷ እየቀለደች ትልቁን ነጭ ብልቃጥ አነሳች። እሱ ላይ ፍቂያው አላለቀም ኖሮ፣ ከታች በኩል የጣት ስፋት የምታህል ወረቀት ቀርታለች። እሷን አነበበች። ፈገግታዋ ጠፋ። ብልቃጡን እንደ ጋለ ነገር ቀስ ብላ አስቀመጠችና ወደ እናቷ ጆሮ ተጠጋች።

እናቲቱ በመኪና ጩኸትና በአህያ መካከል ሲገበያዩ የኖሩ ሴት ናቸው። ሹክሹክታ አያውቁም።

"የምን? የኤች አይ ቪ?" አሉ።

ሁሉም ብልቃጡን ሲያይ እኔ በሩን አየሁ። ጎረቤቴ ጆጉን እንደያዘች ናት፤ ጆጉ ግን ዘንበል ብሎ ውኃው እግሯ ላይ ይፈስሳል፣ እሷ አታውቀውም።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ወረቀቱን የምትፍቀው ለእኔ ብላ አልነበረም። ብልቃጡን ለእኔ የሰጠችኝም የእኔ ዘር አሳስቧት አይደለም። መጣያ ላይ ብትጥለው የሚያነብ ያገኘዋል፤ ለሌሎቹ ሁለት በሮች ብትሰጥ የሚያነቡ ልጆች አሉ፤ የእኔዎቹ ግን ካርቶኔን እንዳይነኩ የተከለከሉ ናቸው። በግቢው ውስጥ ያንን ዕቃ ያለ ሥጋት የሚቀበል መሃይም በር የእኔ ነበር። እኔ ደግሞ አመስግኜ ነበር የምቀበላት። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መካከል መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ቁጣ ነበር ብል አልዋሽም።

ቁጣው ሳያልፍ ሂሳቡ ደግሞ መጣ። ብልቃጡ የእሷ ነው ብል፣ የልጄ ጋብቻ በአንዲት ቃል ይድናል። እሷስ? በእኛ ከተማ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። በማግሥቱ የስፌት መኪናዋ ያለ ጨርቅ ይቆማል፤ ያቺ የለካችውን ቀሚስ ማን ይለብሳል ይባላል። ዝም ብል ደግሞ ብልቃጡ የእኔ ነው፤ ሠርጉ እዚያው ሳህኑ ላይ ይቀራል።

ልጄ ቀድማኝ ተናገረች። ቤተ ክርስቲያኑ ለጋብቻ የደም ምርመራ ይጠይቃል፤ እሷም እሱም ይመርመሩ፣ ወረቀቱን ለሁሉም ታሳያለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ኮራሁባት።

"ያንቺማ በወረቀት ይታያል" አለች ነርሷ። "ብልቃጡ ግን የማን ነው?"

ይህቺን ልጅ ስንት ዓመት አስተምረዋት ይሆን። ኤች አይ ቪ በምን እንደሚተላለፍና በምን እንደማይተላለፍ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ ደመወዝ የምትበላበት ነው። ትምህርቷ ግን በእኛ ጠረጴዛ ላይ ብልቃጥ ከማንበብ አላለፈም። ጥያቄዋ አራት በር ብቻ ባለው ግቢ ውስጥ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። ልጄ ነፃ መሆኗ ሲታወቅ፣ ጣቱ ወደሚቀጥለው በር ነው የሚዞረው።

"ከቆሻሻ ላይ ነው ያነሳሁት" አልኩ። "ከጤና ጣቢያው ጀርባ ካለው።"

ልጄ አፏን ከፈተች። እኔ፣ በር በክርኔ የምከፍተው። ነርሷ ከፊቷ ያለውን ብርጭቆ በአንድ ጣቷ ወዲያ ገፋ አደረገችው። ሦስት ጊዜ የታጠበውን ብርጭቆ።

የልጁ እናት ብቻ አልተንቀሳቀሱም። ለምን አነሱት አሉኝ። ለዘር አልኩ። እስቲ ዘር እንዴት እንደሚያስቀምጡ ይንገሩኝ አሉ። አራተኛ ክፍልን ካቋረጥኩ ወዲህ ፈተና ተቀምጬ አላውቅም፤ ያን ቀን ተቀመጥኩ። የጎመን ዘር መቼ ይቆረጣል አሉኝ። ፍሬው ቢጫ ሲሆን፣ ጠዋት ጤዛው ሳይለቀው፤ ቀትር ላይ የቆረጠች ዘሯን ለመሬት ትሰጣለች አልኩ። ቃሪያስ? ተክሉ ላይ ከቀላው፣ ያውም ከጤነኛው ተክል፣ የሚደርቀው በጥላ። ቲማቲምስ? ከነውኃው ጨምቆ እስኪኮመጥጥ መተው፣ ከዚያ አጥቦ ማስጣት። ዱባስ? ከተቆረጠ በኋላ ሳይከፈት ሳምንታት ማቆየት፣ ፍሬውን አጥቦ ሰፌድ ላይ፣ ሲታጠፍ ቀጭ እስኪል። ያለ ትንፋሽ መለስኩ። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያለፍኩ መሰለኝ።

ከዚያ ነጩን ብልቃጥ ብድግ አደረጉና ተጭነው አዞሩት። በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ባሌ ይህንን ባየ። አንድ ፍሬ አወጡ፣ በፊት ጥርሳቸው ነከሱ፣ ጆሯቸውን ወደ ጥርሳቸው ያዘነበሉ መሰለኝ። ሳይናገሩ ተነሥተው ወጥ ቤት ገቡ። ሲመለሱ ጎረቤቴ ከዱባው አውጥታ ሳህን ላይ ካስቀመጠችው ውስጥ አንድ እርጥብ ፍሬ ይዘዋል። ሁለቱን መዳፋቸው ላይ አጋደሙ። የዛሬው ወፍራም፣ ነጭ። የእኔው ቀጭን፣ ጠርዙ የጠቆረ።

"ይሄ ከዚያ አልወጣም" አሉ።

"ዱባው ከገበያ ነው" አልኩ። ምን እላለሁ?

አንዱን ውሸት የያዘ ነጋዴ ጆንያውን ሙሉ ይደፋዋል። ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ከቦርሳቸው ሶፍት አወጡና አሥር ፍሬ ቆጥረው ጠቀለሉ። እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አደርጋቸዋለሁ አሉ። ዘር የሚያስቀምጡ ሴት ከሆኑ ይበቅላል፤ ከቆሻሻ የሚያነሡትም ለዘር መሆኑን አምናለሁ። ካልበቀለ እንነጋገራለን። ይህን ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ሌሎች እናቶች ልጃቸውን በመልክ፣ በትምህርት፣ በባልትና ይድራሉ። የእኔ ልጅ በአሥር የዱባ ፍሬ ተንጠለጠለች።

ልጄ ብርጭቆዎቹን አነሣች። የመጨረሻውን ስታነሣ፣ "እማዬ፣ አንቺ ከቆሻሻ?" አለችኝ። አዎ አልኩ። አየችኝ። ከዚያ ከጎረቤቴ ጋር የምንጋራውን ግድግዳ አየች። ከዚያ በኋላ ያንን ጥያቄ ደግማ አልጠየቀችኝም። ብቻ ወጥ ቤት ስትገባ፣ ለክፉ ቀን ስትይ አልነበር፣ ይኸው መጣልሽ አለች። ምላሷ የአባቷ ነው።

ጎረቤቴ ያን ቀን ሳትሰናበተኝ ሄደች። የስፌት መኪናዋ አራት ቀን ድምፅ አላሰማም።

እውነቱን እጽፋለሁ ካልኩ የሚቀጥለውንም ልጻፍ። በዚያው ምሽት የጠጣችበትን ኩባያ ለይቼ አጠብኩት። ሁለት ጊዜ። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ሰዎች ከአንድ ሳህን ሲበሉ፣ ሲጨባበጡ፣ ሲተቃቀፉ የሚያሳይ ሥዕል አለ። በእነዚህ አይተላለፍም ይላል፣ በአማርኛ ነው፣ አነበዋለሁ። ልጆቼን ይዤ ወረፋ ስጠብቅ ያንን ሥዕል ለዓመታት አይቼዋለሁ፤ በማየት ቢሆን ዛሬ ሐኪም ነበርኩ። ኩባያውን እንደያዝኩ ያ ሥዕል ትዝ አለኝ። ደግሞም ነርሷ ብርጭቆዋን በአንድ ጣት የገፋችው ትዝ አለኝ። በልቤ ስሰድባት ነበር የዋልኩት። ኩባያውን ከሌሎቹ ጋር ደባልቄ ደረደርኩት።

በማግሥቱ እኔም አሥር ፍሬ ከብልቃጡ አውጥቼ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩ። ውጤቱን ከአርሲ ነገሌ ቀድሜ ማወቅ ፈለግሁ። ጠዋት ጠዋት እገልጣለሁ። በሦስተኛው ቀን አበጡ፣ ተስፋ አደረግሁ። በአምስተኛው ሸተቱ። በሰባተኛው ሻገቱ። ከሌሎቹ ነጭ ብልቃጦችም ጎን ለጎን ጠቅልዬ ነበር፤ ያው ነው። የጎመኑንም ሞክሬ ነበር፤ ከእፍኙ ሦስት አራት ብቅ አለ። ወንበር ላይ ወጥቼ ካርቶኑ የነበረበትን ቦታ በእጄ ዳሰስኩት። የቀትር ሰዓት ነው። ቤታችን ኮርኒስ የለውም፤ ከቁም ሳጥኑ ራስ እስከ ቆርቆሮው አንድ ክንድ ቢሆን ነው። እጄን ፈጥኜ አወረድኩ። ከአይጥ አሸሽቼ፣ ከነቀዝ አሸሽቼ፣ የአዳማ ፀሐይ ሥር ነው ያስቀመጥኳቸው። ልጆቼን ቆልታችሁ አትብሉ ብዬ የከለከልኩትን ፍሬ ቆርቆሮው በየቀኑ ቀስ እያለ ሲቆላው ኖሯል። የእናቴ ዘር ክፉ ቀን ነክቶት አልሞተም። እኔው ገደልኩት፣ ያውም ከድኜ።

ስልኩ የተደወለው በዘጠነኛው ቀን ነው። ልጄ ቁጥሩን አይታ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

"አካም ጅርቱ?" አሉ ሴትዮዋ። ሰላምታውን ከጨረስን በኋላ አላንዛዙትም። "አሥሩም ሞተዋል።"

"አውቃለሁ" አልኩ። "እኔም ሞክሬያቸዋለሁ።"

ከጀርባቸው የገበያው ጫጫታ ይሰማል፤ አንድ ሰው ሚዛኑን ልቀቅ እያለ ይጨቃጨቃል። ከዚያ ድንገት እርስዎ ማለቱን ትተው አንቺ አሉኝ።

"ስሚ አንቺ ሴትዮ። እኔ ጆንያ ስከፍት ነው ያረጀሁት። ሊያታልለኝ የሚመጣ ሰው ጥሩውን እህል አፉ ላይ ያደርጋል፣ ነቀዝ የበላውን ከሥር። አንቺ የሞተውን አፉ ላይ አድርገሽ በኩራት ደረደርሽልኝ። ማታለል አትችዪበትም።"

"ዱባውን ዋሽቻለሁ" አልኩ።

"ዱባውንም ዋሽተሻል፣ ቆሻሻውንም ዋሽተሻል።"

ልጄ እጄን ያዘችኝ።

"ብርጭቆ ሦስት ጊዜ የምታጥብ ሴት ቆሻሻ ውስጥ እጇን አትከትም" አሉ። "ብልቃጡ የማንም ይሁን፣ ባለቤቱን ዕድሜ ይስጠው። አልጠይቅሽም፣ እንዳትነግሪኝም። ልጇ ተይዛባት እንኳ የሰው ምስጢር የማትሸጥ ሴት፣ ነገ የእኔን ቤት ምስጢር ገበያ አታወጣውም። እሱ ይበቃኛል።"

ገና አልጨረሱም። ልጃቸውን፣ ያስተማርኩሽ የሰው በሽታ ማዕድ ላይ እንድታነቢ ነው ወይ ብለው ተቆጥተዋታል፤ ስትመጣ ይቅርታ ትጠይቃለች። ዘር ደግሞ ይልኩልኛል። በደረሰኝ ቀን ካልዘራሁት ሠርግ የሚባል ነገር እንደሌለ እንዳውቀው። ይህንን ሲሉ የቀለዱ አይመስለኝም።

ዘሩ በሦስተኛው ቀን በሚኒባስ ሾፌር እጅ በፌስታል ተቋጥሮ ደረሰ። ሃያ ፍሬ ነው፤ ወፍራም፣ ነጭ፣ በብልቃጥ ገብቶ የማያውቅ። ልጄ ከኋላዬ ቆማ እያየች ጓሮው ውስጥ፣ ከግንቡ ሥር፣ ሁለት ሁለት እያደረግሁ ቀበርኩ። ዶሮ እንዳይጭረው እሾህ ጣልኩበት፣ ከእሾሁ በላይ ድንጋይ፤ ልጄ ደግሞ ከድንጋዩ ላይ ዘበኛ እንቅጠር ወይ አለች። ሃያውን ቀብሬያለሁ አልኳት። አሥራ ስምንት ነው የቀበርኩት። ሁለቱ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ተቋጥረው ነበር። ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም።

ወደ ቤት ስንመለስ ጎረቤቴ በራችን ላይ ቆማ አገኘናት። ሜትሯ አንገቷ ላይ ነው። የሙሽራዋን ቀሚስ ልለካ መጣሁ አለች፤ ማንም አልጠራትም ነበር፣ እሷም መልስ አልጠበቀችም። ልጄን ትከሻዋን ለካች፣ ወገቧን ለካች፣ ቁጥሩን በልቧ ያዘች። ልጄ ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣች። ምስጢር ላለባቸው ሰዎች ቦታ መልቀቅ የምታውቅ ልጅ ናት፤ ይህንን ከማን እንደወረሰች አላውቅም።

ሁለታችን ቀረን። ከነጠላዋ ሥር ነጭ ብልቃጥ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ታጥቧል፣ ደርቋል። ወረቀቱ ግን ከነሙሉ ጽሑፉ እንደተለጠፈ ነው፤ አንድ ጠርዙ እንኳ አልተነካም።

"አልፋቅሁትም" አለችኝ።

አነሣሁት። የማላነበውን ፊደል ከላይ እስከ ታች አየሁት። በደንብ እንዳነበብኩ ሁሉ ዙሪያውን አዞርኩት። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ የሚባለው ነገር ሁሉ ትልቅ ትልቅ ሆነብኝ።

"የዚህኛው ክዳን ላላ ብሏል" አልኩ።

"ተጫኚው እንጂ" አለች። "ስንት ዓመት ሙሉ ስትዘጊው ሳትጫኚ ነው የምታዞሪው።"

ከጊዜ በኋላ ይህንን ልጽፈው ነው ብዬ ስጠይቃት፣ ስም እስካልጠራሽ ድረስ ጻፊው አለችኝ፤ ደግሞስ ያንቺን ጽሑፍ ማን አንብቦ ሊጨርሰው። ያን ዕለት ግን ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም። የነጠላዬን ቋጠሮ ፈትቼ ሁለቱን ፍሬ ብልቃጡ ውስጥ ጨመርኩ። እያየችኝ ተጫንኩት፣ አዞርኩት። ቁም ሳጥኑ ላይ ልሰቅለው እጄ ተነሥቶ ነበር፤ መለስኩትና አልጋው ሥር፣ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ አስቀመጥኩት፣ ወረቀቱን ወደ ግድግዳው አዙሬ። ማታ የስፌት መኪናው ከግድግዳው ማዶ ሲረገጥ ሰማሁ።